እንከን በሚለው መስመር ላይ

ሐሙስ፣ ሐምሌ 11 ቀን

እማዬ፣

ይህን ደብዳቤ ከየት እንደምጀምረው አላውቅም። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ቀድጃቸዋለሁ፤ አራተኛው ይህ ነው። አንድ ነገር አድርጌአለሁ፤ ጥሩ ነገር አይደለም። ግን ጤናሽን ሳልጠይቅ ዘልዬ ወደዚያ ብገባ ደግ አይሆንም።

እንዴት ነሽ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? ድስቱ ከመክበዱ የተነሳ ለሁለት ነው የምናወርደው ብለሽ ከጻፍሽልን ወዲህ ካውያ ባነሳሁ ቁጥር ትዝ ትይኛለሽ። የመንገዱ ሥራ ሁለተኛውን ድልድይ አልፎ መሄዱንም አንብበናል። ካምፓችሁ እንደገና ከተነሳ አዲሱን አድራሻ ቶሎ ላኪልን፤ ይህ ደብዳቤ የድሮው ቦታ ደርሶ ባዶ ወጥ ቤት እንዳያገኝ። እኛ ደህና ነን። አክስቴ ጉልበቷን ያማታል፣ አፏን ግን አላመማትም። ላውንደሪዋም ሥራ አለው። ትንሿም ደህና ናት፤ ቁመቷ ባንኮኒውን አልፏል።

ትንሿ እላታለሁ እንጂ ሰፈሩ እንደዚያ አይላትም። ጠበቃ ነው የሚሏት። ይህን በደብዳቤ ነግሬሽ አላውቅም፤ አፍሬ ነው። የኔ ጠበቃ ስለሆነች ነው ስሙ የወጣላት።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ከሰው ጋር ማውራት እየከበደኝ ሄደ። ድሮም ዓይን አፋር እንደነበርኩ ታውቂያለሽ፤ ግን ያኔ ቢያንስ ሲጠሩኝ አቤት እል ነበር። አሁን ደንበኛ ባንኮኒው ላይ ሲቆም ምላሴ አፌ ውስጥ ይደርቃል። ስልክ ሲጮህ የያዝኩትን ልብስ እንደያዝኩ ጓዳ እገባለሁ። እሷ ግን ዕድሜዋ ዘጠኝ ይሁን እንጂ በቀን ዘጠና ሰው ብታናግር አይደክማትም። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ረጅሙ ዱካ ላይ ትወጣና እህቴ ኮቱ ለዓርብ ይደርሳል ብላለች፣ እህቴ ይሄ እድፍ የዘይት ነው ወይስ የቀለም ብላለች ትላለች። እኔ ምንም አላልኩም። ፊቴን አይታ ነው የምታውቀው። ዩኒፎርሙን በየሳምንቱ የሚያመጣ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር አለ፤ እሱ ደግሞ ክብርት ጠበቃ፣ ደንበኛዎ ዛሬስ ጥፋተኛ ናቸው ወይ እያለ ይቀልድባታል። ማስረጃ የለህም ትለዋለች፣ ፈገግ እንኳ ሳትል።

ባለፈው ወር መምህርቷ ከክፍላቸው ሁለት ልጆች መርጣ ስማቸውን ለዕረፍት ወር ካምፕ ሰጠች። አንዷ የኛዋ ናት። ሁለት ሳምንት ነው። ሐይቅ ዳር በእንጨት ቤቶች ውስጥ ስምንት ስምንት ሆነው ያድራሉ፤ ዋና ይማራሉ፣ ጀልባ መቅዘፍ ይማራሉ። አውቶቡሱ የሚነሳው ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ይህን ከሰማች ወዲህ ቤታችን ውስጥ ከሐይቅ ሌላ ወሬ የለም። የምናጥብለት ሆቴል አንሶላ ተቆልሎ ሲጠብቅ ላዩ ላይ በሆዷ ትተኛና እጇን እያወራጨች ትዋኛለች። አክስቴ የተተኮሰውን አጨማደድሽው፣ ውረጂ ብላ ስትጮህባት፣ አሁን እኮ ጥልቁ ጋ ደርሻለሁ፣ እንዴት ልውረድ ትላታለች። አክስቴም ለመቆጣት ፊቷን ታዞራለች እንጂ ሳቋ ከኋላዋ ይታወቃል።

ካምፑ የላከው ወረቀት ላይ የሚያስፈልጋት ሁሉ ተዘርዝሯል። ብርድ ልብስ፣ የላስቲክ ጫማ፣ ባትሪ፣ የሳሙና ማስቀመጫ፣ ፎጣ፣ ስድስት የውስጥ ሱሪ። ሁሉም ላይ ስሟ ይጻፍ ይላል። እኔም የሆቴሉ ዕቃ ላይ ምልክት በምናደርግበት ቀይ ክር ስሟን ካልሲው ላይ ሳይቀር ጠለፍኩላት። ሻንጣውንም እኔ ነኝ ያዘጋጀሁት። ያንቺንም ሻንጣ ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ፤ ታስታውሺያለሽ? ወፍራሙን ሹራብ ስከትልሽ ለዕረፍቱ ወራት ብቻ ነው፣ ምን ያደርግልኛል ብለሽ አስወጣሽኝ። ሹራቡ እኔ ጋ አለ። ብል እንዳይበላው በየጊዜው አናፍሰዋለሁ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

በመጀመሪያ የሥራችንን ልማድ ልንገርሽ፤ ካልነገርኩሽ አይገባሽም። ልብስ ስንቀበል ደረሰኙ ላይ እንከን የሚል መስመር አለ። ቁልፉ የላላ፣ ዚፑ የሚይዝ፣ ኪሱ የተቀደደ ከሆነ እዚያ ይጻፋል። አክስቴ ሥራ ያስተማረችኝ ቀን የሌለበትንም ጻፊ አለችኝ። ሸሚዙ አዲስ ቢሆን እንኳ ቀለሙ ይለቃል በይ፤ ኮቱ ደህና ቢሆን ገበሩ የሳሳ ነው በይ። ኋላ አንድ ነገር ቢሆን አስቀድመን ጽፈነዋል ብለን አፋችንን ሞልተን እንናገራለን። ደንበኛው እንደሆነ አያነበውም፤ ፈርሞ ይሄዳል። እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ ምንም ያልሆነ ልብስ ላይ እንከን ስጽፍ ኖርኩ። ጽሑፌ ያምራል ይሉኛል።

የካምፑ ቅጽ የመጣ ቀን አክስቴ መነጽሯን የት እንዳስቀመጠች ጠፍቷት ነበር። አንቺ ሙዪው፣ እኔ እፈርማለሁ ብላ ሰጠችኝ። ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ ክፍሏን ሞላሁ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስለ ልጅቷ ጤና ልናውቀው የሚገባ ነገር ካለ ይጻፍ የሚል መስመር ነበር። ጓዳ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፤ ጠበቃ ውጪ ከሾፌሩ ጋር ስትከራከር ድምጿ ይሰማኛል። እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ በእንቅልፏ ተነስታ ትሄዳለች። በር ትከፍታለች። ስትነቃ የት እንዳለች አታውቅም።

አክስቴ ከቀኑ ደረሰኞች ጋር ደርባ ፈረመችበት። አላነበበችውም።

ያን ዕለት ራሴን ያጽናናሁት የሥራ ልማድ ነው፣ እጄ ነው ብዬ ነው። አንቺን ግን አልዋሽሽም። እጄ አይደለም። ሐይቅ ዳር እንዲህ ያለች ልጅ እንደማያሳድሩ አውቄ ነው የጻፍኩት።

ማክሰኞ ከሰዓት ፖስታ አዳዩ መጣ። አክስቴ አንሶላ ለማድረስ ሆቴሉ ጋ ሄዳ ነበር። ጠበቃ ፖስታው ላይ የካምፑን ማኅተም ስታይ ከዱካው ዘልላ ወርዳ ተቀበለችው፤ ስሟ አለበትና ከፈተችው። ውስጡ ሁለት ወረቀት ነበር። ቆማ አነበበች። እኔ የሸሚዝ ኮሌታ እየተኮስኩ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ። ከዚያ ከንፈሯ ቆመ። ወደ መተኮሻው ጠረጴዛ መጣችና ወረቀቱን ኮሌታው ላይ አስቀመጠችው፤ ካውያውን ማንሳት ግድ ሆነብኝ። የቅጹ ቅጂ ነበር።

“ይሄ ያንቺ ጽሑፍ ነው” አለችኝ።

ካውያውን መቆሚያው ላይ አስቀመጥኩ።

“እኔ በእንቅልፌ ሄጄ አላውቅም። የራስሽን ነው በእኔ ላይ የጻፍሽው።”

እማዬ፣ ምን ማለቷ እንደሆነ እዚህ ላይ አላብራራልሽም፤ ከዚህ በላይ እጄ እሺ አላለኝም። ጠዋት ጠዋት እግሬን ለምን እንደምታጠብ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። አክስቴ በር እጀታው ላይ የታሰረውን ትንሽ ቃጭል የልጅ ጨዋታ ይመስላታል። ያሰረችው ጠበቃ ናት፤ በመንገዱ በኩል ባለው በር ላይ፣ አንቺ በወጣሽበት።

ከዚያ ምን ያደረገች ይመስልሻል? የቅጹን ቅጂ አጥፋ ካልሲዋ ውስጥ ከተተችው። አክስቴ ስትመለስ ሁለተኛውን ወረቀት ብቻ ሰጠቻት። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፤ በጤና ገጹ ላይ በተገለጸው ሁኔታ ምክንያት ልጅቷን ሐይቅ ዳር ማሳደር አንችልም። ስህተት ካለ ቅጹን የሞላው ሰው እስከ ዓርብ እኩለ ቀን ድረስ በአካል ቀርቦ ያስረዳ፤ ካልቀረበ ቦታው ተራ ለሚጠብቅ ልጅ ይሰጣል።

አክስቴ ወረቀቱን ከዓይኗ አርቃ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ምን ሁኔታ? የዚች ልጅ ሁኔታዋ ምላሷ ብቻ ነው አለች። የካምፑ ቢሮ ጋ ደወለች። መዝጋቢዋ የልጅ ጤና በስልክ አይወራም አለቻት። እንግዲህ አክስቴን ታውቂያታለሽ። የሌላ ልጅ ወረቀት ቀላቅለው ነው፣ እኛ የሰው ሸሚዝ ብንቀላቅል ደንበኛ ያንቀናል፣ እነሱ ልጅ ቀላቅለው ኑና አስረዱን ይላሉ፤ ካልፈለጓት ይቅርባቸው፣ እኔ ልጅ ውሰዱልኝ ብዬ ደጅ አልጠናም አለች። ዓርብ ደግሞ የሆቴሉ ጭነት የሚመጣበት ቀን ነው፤ ከባንኮኒው መነቃነቅ አትችልም። ይህን ብላ ወደ ጠበቃ ዞረች፤ ክርክር ስትጠብቅ ነበር። እኔም ስጠብቅ ነበር። የጻፈችው እሷ ናት ትላለች ብዬ ጠረጴዛውን ይዤ ነበር።

ምንም አላለችም። ረጅሙን ዱካ ትታ ከጥግ የሳሙና ካርቶን ላይ ተቀመጠች።

ከማክሰኞ ጀምሮ አትናገርም እማዬ። አላመማትም፤ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ከሰው ጋር ግን አትነጋገርም። አክስቴ አኩርፋ ነው፣ ሲርባት ታወራለች አለች። በላች፣ አላወራችም። ትናንት ሾፌሩ ሲመጣ ክብርት ጠበቃ፣ ጉሮሮዎ ተዘጋ ወይስ ፍርድ ቤቱ ዕረፍት ወጣ አላት። ቀና ብላ አየችውና ወደ እኔ አየች። እሱም ወደ እኔ አየ። ከበስተኋላው የቆመችው መጋረጃ ያመጣች ሴትዮም ወደ እኔ አየች። አክስቴ ጓዳ ማሽኑ ጋ ነበረች። ዩኒፎርሙ ደርሶ ከጀርባዬ ተንጠልጥሏል። ለመናገር የሚያስፈልገው አንድ ቃል ነው፤ እኔ ግን ማንጠልጠያውን አውርጄ በእጄ ልሰጠው አሰብኩ። ከዚያ ድንገት ደርሷል አልኩ። ድምፄ እንደዛገ ማጠፊያ ሲጢጥ አለ። ሾፌሩ ቆቡን አወለቀ። ደንበኛዎ ተናገሩ እኮ አላት። አልሳቀችም። ሴትዮዋም ተራዋ ደርሶ መጋረጃው መቼ እንደሚያልቅ ስትጠይቀኝ ምን እንዳልኳት አላውቅም፤ ልጄ ጮክ በይ፣ ጆሮዬ ነው የደከመው እንጂ አልተቆጣሁሽም አለችኝ። ማክሰኞ ያልኳት መሰለኝ።

አየሽ፣ ሰው ሁሉ እሷ ዝም ያለችው ካምፑ ስለቀረባት ይመስለዋል። እኔ ግን አውቃለሁ። አፏን ከከፈተች እውነቱን ትናገራለች፣ እውነቱን ከተናገረች የኔ ነገር ሁሉ ይወጣል። መዋሸት ደግሞ አትችልበትም። ስለዚህ አፏን ዘጋች።

ዛሬ ጠዋት ስነቃ ከአጠገቤ የለችም። ሻንጣው ተከፍቶ፣ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ በመርፌ ጫፍ ከፎጣው ላይ ስሟን ስትተረትር አገኘኋት። ካልሲዎቹን ጨርሳለች። የፈታችውን ቀይ ክር ቁርጥራጭ በባዶ የክብሪት ቀፎ ውስጥ በሥርዓት ታስቀምጣለች፤ ክር ማባከን አክስቴ እንደማትወድ ታውቃለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ተዪው አልኳት። አልተወችውም። እጇን ልይዝ ስል ገፋችኝ፤ መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ደሙን ስታይ እንደ ድሮው ትሯሯጣለች ብዬ ነበር። ፎጣው ላይ እንዳይነካ ብቻ ፎጣውን ሳበችው።

ከዚያ ቀና ሳትል ተናገረች፤ ከማክሰኞ ወዲህ የተናገረችው ይህን ብቻ ነው።

“እኔ እኮ አስቤልሽ ነበር። ሌባ የጎረቤት ልብስ ከገመድ ላይ ወስዷል ብዬ አክስቴን አስፈራርቻት፣ እኔ እስክመለስ የመንገዱን በር በየቀኑ ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ ልታንጠለጥል ምላልኝ ነበር። ምክንያቱን አልነገርኳትም።”

ለኔ ብላ ዋሽታለች ማለት ነው። እኔ አትችልበትም የምላት ልጅ። ካምፑን ከሰማችበት ቀን ጀምሮ አንሶላው ላይ ስትዋኝ የኔንም ነገር ታስብ ነበር። እኔ ደግሞ የሷን አንድ ነገር ብቻ ነው ያሰብኩት፤ እንዳትሄድ።

ዛሬ ከሰዓት ሆቴሉ ጋ ትራስ ልብስ ለማድረስ ወጣሁና መንገዴን አጣምሜ ወደ ካምፑ ቢሮ ሄድኩ። ከመንገዱ ማዶ ቆምኩ። በመስኮቱ መዝጋቢዋ ትታያለች፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ወረቀት ታገላብጣለች። ከፊቷ ባዶ ወንበር አለ። አንድ አባት ገብቶ ተቀመጠ፣ ተናገረ፣ ሳቀች፣ ማኅተም መታችለት፣ ወጣ። ሁሉም ነገር ጥርስ ከመቦረሽ የማይበልጥ ጊዜ ነው የወሰደው። ቀጥሎ እኔ እገባለሁ አልኩ። ቀጥሎ አንዲት እናት ገባች። ከሷ በኋላ አልኩ። የትራስ ልብሱ እየከበደኝ፣ የተጠቀለለበት ወረቀት በመዳፌ ላብ እርጥብ ሆነ። አራት ሰው ገብቶ ሲወጣ ቆጠርኩና የትራስ ልብሱን ሆቴሉ አድርሼ ተመለስኩ። አክስቴ ምነው ዘገየሽ ስትለኝ መንገዱ ተዘግቶ ነበር አልኳት። ጠበቃ ካርቶኗ ላይ ሆና ጫማዬን አየች፤ የቢሮው ሰፈር ቀይ አፈር ነው፣ የሆቴሉ አስፋልት ነው። አውቃለች። 

አንቺ እዚህ ብትኖሪ ምን ትይኝ እንደነበር ሳስብ ነው የዋልኩት። ትቆጪኝ ይሆናል። ወይም ፀጉሬን እየነካካሽ ዝም ትይ ይሆናል፤ ያኛው ይከፋ ነበር። ስለ መምጣትሽ በዚህ ደብዳቤ አልጠይቅሽም። መንገዱ በስንተኛው ድልድይ እንደሚያልቅ አንቺም አታውቂም መሰለኝ። ይህን የጻፍኩልሽ እንድትጨነቂ አይደለም፤ ሥራሽን ጥለሽ እንድትመጪም አይደለም። ሌላ ልነግረው የምችለው ሰው ስለሌለኝ ነው፤ ደግሞም ወረቀት ላይ አንዴ ከነገርኩ በአፌም የምችል ይመስለኛል። ለአክስቴ ገና አልነገርኳትም። ከቢሮው እንደተመለስኩ እነግራታለሁ፤ በሩን ለምን እንደምትቆልፍልኝ አውቃ ትቆልፈው።

ፎጣው ላይ ስሟን መልሼ ጠልፌዋለሁ። ካልሲዎቹም አልቀዋል። እሷ አላየችም፤ ተኝታለች።

እንግዲህ እማዬ፣ እጅሽን እሳት አይንካው፣ ወገብሽን ጠንካራ ያድርግልሽ። የምታበስዪላቸው ሰዎች እንደ እናታቸው ይዩሽ። የምትተኚበት ቦታ ደረቅና ሙቅ ይሁንልሽ፣ ጠዋትም በሰላም ተነሺ።

ነገ ጠዋት የሆቴሉ ጭነት ከመምጣቱ በፊት ቢሮው ሲከፈት እዚያ እገኛለሁ። ጠበቃን ይዣት አልሄድም፤ ይዣት ብሄድ የምትናገረው እሷ ናት። ከማዶ አልቆምም። ባዶው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ፣ እህቴ እንዲህ ያለ ነገር የለባትም፣ ዋሽቼ ነው እላለሁ፤ ካልሰማችኝ ጮክ ብዬ እደግመዋለሁ። መዝጋቢዋ መነጽሯን አውርዳ ታዲያ ይሄን ከየት አመጣሽው፣ የማን ነው ብላ ከጠየቀችኝም፣ እሱንም በአፌ እነግራታለሁ።

ትልቋ ልጅሽ